ስልክ፣ ብራናና የየኔታ ድምፅ፦ ስለ ሙዚየምና ቤተ መጻሕፍት ከጎጃም ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የምሠራው ምሥራቅ ጎጃም ውስጥ በምትገኝ አንዲት ትንሽ ቤተ መጻሕፍት ነው። የመጽሐፍ መደርደሪያ አለን፣ ሁለት ያረጁ ኮምፒውተሮች አሉን። ጥጉ ላይ ደግሞ ሰዎች ከየቤታቸው ያመጧቸውን የዱሮ ዕቃዎች ያስቀመጥንበት ረጅም ጠረጴዛ አለ። ልጆቹ «ሙዚየሙ» ይሉታል። መምህራን፣ ወላጆች፣ ካህናት፣ የወረዳ ባለሙያዎችም ስለ ዲጂታል ነገር ይጠይቁኛል። ጥያቄው ብዙ ጊዜ ተመሳሳይ ነው። ስለዚህ መልሱን አንድ ቦታ ልጻፈው ብዬ ተቀመጥኩ።

ሙዚየምና ቤተ መጻሕፍት ውስጥ መማር ከክፍል ትምህርት በምን ይለያል?

ደወል የለም፣ ፈተና የለም፣ የሚቀጣም የለም። ልጁ የመጣው ዝናብ ሊጠለል ሊሆን ይችላል። ከዚያ ዓይኑ አንድ ዕቃ ላይ ያርፋል፤ «ይሄ ምንድን ነው?» ይላል። ትምህርቱ እዚያ ላይ ይጀምራል። ጆን ፎክና ሊን ዲርኪንግ የሚባሉ ሁለት አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ይህን ለብዙ ዓመት አጥንተውታል። እነሱ እንደሚሉት ጎብኚ የሚማረው ከሦስት ነገር ነው። አስቀድሞ ከሚያውቀው፣ አብሮት ከመጣው ሰው፣ ከቆመበት ቦታ።

ለጎጃም ሰው ይሄ እንግዳ ነገር አይደለም። ቅኔ ቤት የገባ ሰው ያውቀዋል። የየኔታ ጉባኤ ቢበተንም ትምህርቱ አይበተንም። ማታ ታላቁ ተማሪ ታናሹን ያስቀጽላል። አንዱ የቆጠረውን ጉባኤ ቃና፣ ማለትም ባለ ሁለት ቤት ቅኔ፣ ሌላው ይዞ ሰሙን ከወርቁ ሊለይ ሲታገል ያመሻል። ያን ጊዜ ማንም ማንንም አላዘዘም።

ዲጂታል ሲባል የኮምፒውተር ክፍል ማለት ነው?

አይደለም። ይሄ ስህተት ብዙ ብር አስጨርሷል። ኮምፒውተር ይገዛል፣ ክፍሉ ይቆለፋል፣ አቧራ ይጠጣል።

የተቀዳ ድምፅ፣ አጭር ቪዲዮ፣ ስካን የተደረገ ብራና፣ ዕቃው አጠገብ የተለጠፈ ኪውአር ኮድ (በስልክ ካሜራ የሚነበብ ባለ ነጥብ ምልክት)፣ ልጆች ራሳቸው ያነሱት ፎቶ፤ ሁሉም ዲጂታል ነው። አብዛኛውን በእጃችሁ ባለው ስልክ መሥራት ይቻላል።

ዲጂታል ከመምጣቱ በፊትም መንገዱ ተጠርጓል። የእኛው የጎጃም ልጅ ሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በ1958 ዓ.ም. አሳተሙ። መጽሐፉን ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ተረከው። ፊደል ያልቆጠሩ ሰዎች ሳይቀሩ በዛብህንና ሰብለ ወንጌልን እንደ ጎረቤት ልጅ ያውቋቸዋል። ያወቋቸው በዚያ ድምፅ ነው። እኛ ቤት ዛሬም መጽሐፉን የሚዋሱት ትረካውን ሰምተው የሚመጡ ናቸው።

ስካን ተደርጎ ኢንተርኔት ላይ ከተጫነ አይበቃም?

አይበቃም። ይህንን ከሁሉም በላይ ረዘም አድርጌ ልመልሰው።

ብራናን በፎቶ ማስቀረት ትልቅ ሥራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1968 ኤርንስት ሐመርሽሚት የሚባሉ ጀርመናዊ ምሁር ጣና ደሴቶች ላይ የሚገኙ ብራናዎችን በማይክሮፊልም አነሱ። እ.ኤ.አ. በ1973 ደግሞ ሰፊው የኢትዮጵያ ብራናዎች የማይክሮፊልም ሥራ ተጀመረ። በእሱ ከ9 ሺህ በላይ ብራናዎች ተነሱ። አብዛኛው ከሸዋ ቢሆንም ከጣናና ከጎጃም የተነሱም አሉበት። ቅጂው አሜሪካ ሚኒሶታ በሚገኘው በሂል ሙዚየምና የብራና ቤተ መጻሕፍት ተቀምጧል።

ግን ያ ሁሉ ፊልም ሰው ባያነበው ኖሮ የፎቶ ክምር ሆኖ ይቀር ነበር። በ2013 ዓ.ም. ያረፉት ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ እዚያ ቤተ መጻሕፍት ለአሥርት ዓመታት ተቀምጠው ብራናዎቹን እያነበቡ መዘገቡ። ይሄ ብራና ምን ይዟል? ማን ጻፈው? በማን ዘመን? ኅዳጉ ላይ ምን ተጽፏል? ዛሬ ተመራማሪ ፈልጎ የሚያገኘው በዚያ ድካም ነው።

ወደ ትንሿ ጠረጴዛችን ልመለስ። አንድ አኩፋዳ አለን፤ የቆሎ ተማሪ ቁራሽ የሚሰበስብበት፣ ከሣር የተሰፋ መያዣ። አፉ ተተርትሯል፣ ማንገቻው ሁለት ጊዜ ተቀጥሏል። መጀመሪያ ካርድ ጽፈን አስቀመጥን፦ «አኩፋዳ። የቆሎ ተማሪ ዕቃ።» ልጆች አንብበው ያልፋሉ። ፎቶውን ኮምፒውተሩ ላይ ጫንነው። እሱንም አይተው ያልፋሉ።

ከዚያ በልጅነታቸው በዋሸራ ቅኔ ቤት የተማሩ አንድ መሪጌታ መጡ። ዕቃውን አንስተው እጃቸውን ወደ ውስጥ ሰደዱት። ታች ድረስ ዳሰሱት። «እዚህ ጋ የደረቀው፣ እዚህ ጋ የረጠበው» አሉ። ከታች የሚደርቀውን ቁራሽ፣ ከላይ የዕለቱን ይለያሉ ማለት ነው። ስልኬን አውጥቼ «ድምፅዎን ልቅዳው ይሆን የኔታ?» አልኳቸው። ሁለት ደቂቃ ተናገሩ። ስለ ደበሎው፣ ስለ መንደር ውሻ፣ ውሻ ስለሚከላከሉበት ዱላ። መጨረሻ ላይ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ልክ በር ላይ እንደቆመ ልጅ «በእንተ ስማ ለማርያም!» አሉ።

አሁን ልጆች የጆሮ ማዳመጫውን አድርገው አኩፋዳው ፊት ይቆማሉ። እዚያ ቃል ላይ ሲደርሱ ፊታቸው ይለወጣል። አንዱ ልጅ አውልቆ «አያቴም እንዲህ ብለው ለምነዋል?» አለኝ። ቤት ሄዶ ጠየቀ። ለምነዋል።

ስለዚህ ስካን ወይም ፎቶ ሲባል ሁሌ የምጠይቀው «ከእሱ ጋር የማን ድምፅ አለ?» ብዬ ነው።

የጣናና የጎጃም ብራናዎችን በስልኬ የት አገኛለሁ?

የሂል ቤተ መጻሕፍት ዲጂታል የንባብ ክፍል አለው። ምዝገባው ነፃ ነው። የፓሪሱ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ጋሊካ በሚባል ገጹ የአንቷን ዳባዲን ስብስብ አውጥቷል። ይህ ሰው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ጎጃምን ጨምሮ አገራችንን ለዓመታት የዞረ ነው። ኒውዮርክ ያለው ሜትሮፖሊታን ሙዚየም ደግሞ ጣና አካባቢ የተሠራ ሥዕላዊ ወንጌል አለው፤ ከ14ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ወይም ከ15ኛው መጀመሪያ። ሙዚየሙ እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ ብዙ መቶ ሺህ ፎቶዎችን ማንም በነፃ አውርዶ እንዲጠቀምባቸው ፈቅዷል።

ያንን ወንጌል ለልጆች ስከፍትላቸው መጀመሪያ የሚጠይቁት ስለ ሥዕሉ አይደለም። «ታዲያ እዚያ ምን ይሠራል?» ይላሉ። ጥያቄው ልክ ነው። እኔም በፎቶው ደስ ይለኛል፣ በርቀቱ ግን ሆዴ ይባባል። የፎቶ መኖር የዕቃውን ጥያቄ አይዘጋውም፤ ይህንንም ለልጆች በግልጽ እነግራቸዋለሁ።

እኛ ጋ ኔትወርክ የለም። መብራትም ይጠፋል። ታዲያ ምን እናድርግ?

መጀመሪያ ማሰብ ያለባችሁ ያለ ኢንተርኔት ነው። ኢንተርኔት ካለ እሰየው፣ ትርፍ ነው። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. በኋላ በክልላችን የሞባይል ዳታ ለረጅም ወራት ተቋርጦ እንደነበር ታስታውሳላችሁ። ያን ጊዜ ኦንላይን ብቻ የተቀመጠ ነገር ሁሉ ለእኛ አልነበረም። ሚሞሪ ካርድ ላይ የነበረው ግን ሠራ።

ይሄ የእኛ ችግር ብቻም አይደለም። የብሪታንያ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2023 በሳይበር ጥቃት ተመትቶ ዲጂታል ብራናዎቹ ለወራት አልተከፈቱም። አንድ ቅጂ እጃችሁ ላይ ይኑር።

ኪዊክስ የሚባል ነፃ አፕ አለ። የአማርኛውን ዊኪፒዲያ አንዴ ካወረዳችሁ ከዚያ በኋላ ያለ ዳታ ይነበባል፤ ፋይሉም ትንሽ ነው። ሌላው ራስበሪ ፓይ የተባለ የመዳፍ ያህል ኮምፒውተር ነው። በፓወር ባንክ ይሠራል። ዋይፋይ ይለቃል፣ ነገር ግን ከኢንተርኔት ጋር አይገናኝም። ጎብኚው ስልኩን አገናኝቶ ውስጡ ያለውን ድምፅና ሥዕል ይከፍታል። ሳንቲም አይቆጥርበትም።

ስለ ኪውአር ኮድ አንድ ብዙ ሰው የማያስበው ነገር ልንገራችሁ። ኮዱ የግድ ወደ ድረ ገጽ መምራት የለበትም። ጽሑፉን ራሱ መሸከም ይችላል። ትልቁ ኮድ 2,953 ባይት ይይዛል። አንድ የእኛ ፊደል 3 ባይት ይፈጃል። ስለዚህ ወደ 980 ፊደል ይገባል ማለት ነው። ግን ያን ያህል ከሞላችሁት ነጥቦቹ ይደቁና ርካሽ ስልክ አያነበውም። እኛ ከ150 ፊደል አናሳልፍም። አንድ ልጅ ቆሞ የሚያነበውም ያን ያህል ነው።

ድምፅ ደግሞ ቀላል ነው። ሁለት ደቂቃ ንግግር 1 ሜጋባይት ገደማ ይሆናል። የዚያኑ ያህል ደቂቃ የሚረዝም፣ ጥሩ ጥራት ያለው ቪዲዮ ግን ከ200 ሜጋባይት ሊያልፍ ይችላል። ለዚህም ነው እኛ ድምፅ የምናስቀድመው።

ገዳሙ ወይም ቤተ ክርስቲያኑ ቀረጻ ካልፈቀደስ?

እሺ ብሎ ምስጋና አቅርቦ መመለስ ነው። ሌላ መልስ የለውም። ዕቃው የአገልግሎት ዕቃ ነው። አባቶች የማይታይ ያሉት አይታይም።

ሲፈቅዱ ግን ብዙ በር ይከፈታል። እኔ ሴት ነኝ። ጣና ላይ ያለው የክብራን ገብርኤል ገዳም ሴት አይገባም፤ ዳጋ እስጢፋኖስም እንደዚያው። ሥርዓቱን አከብራለሁ። በክብራን ከ15ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የመጣ ሥዕላዊ ወንጌል አለ። እሱን ያየሁት በፎቶ ነው። ተማሪ ሳለሁ አንድ መምህር መጽሐፍ ከፍተው ሲያሳዩኝ የወንጌላውያኑን ዓይን እያየሁ ረጅም ጊዜ ቆየሁ። ያ ገጽ ዛሬ የምሠራውን ሥራ ሰጠኝ ብል አላጋነንኩም። ሥርዓቱ ሳይነካ ሴት ልጅ ቅርሷን የምታይበት መንገድ ካለ እሱ መንገድ ይጠረግ እላለሁ።

ዘጌ ላይ ያለው ዑራ ኪዳነ ምሕረት ደግሞ ሴቶችም ይገባሉ፣ ዕቃ ቤቱም ለጎብኚ ይታያል። ልጆችን ዘጌ የምትወስዱ ከሆነ ቅዳሜ ጠዋት በጀልባ ውሰዷቸው እንጂ በስልክ አትጨርሱት።

ጥንቃቄውንም አትርሱ። ፍላሽ አትጠቀሙ፤ የመስኮት ብርሃን ይበቃል። ስልክ ፎቶ ሲያነሳ ቦታውን ፋይሉ ውስጥ ይመዘግባል። ያንን ከቅንብሩ አጥፉት። የዕቃ ቤቱን በር፣ ቁልፉን፣ መስኮቱን አታሳዩ። ቅርስ ሌባ ከእናንተ ቪዲዮ ካርታ ማግኘት የለበትም።

አማርኛ ብቻ ነው የምንጠቀመው?

አዊ ውስጥ ከሆናችሁ በፍጹም። ልጆቹ በአንደኛ ደረጃ በአገውኛ ይማራሉ። ጥር 23 የአገው ፈረሰኞች በዓል ሲደርስ ስለ ፈረሱ ኮርቻና መጣብር የሚያስረዳው ሽማግሌ በገዛ ቋንቋው ሲናገር ሌላ ሰው ነው የሚሆነው። በአገውኛ ቅዱት፣ አማርኛውን ከሥር ጻፉት። ጣና ዳር ደግሞ ከደንገል ታንኳ የሚሠሩ አሉ። እጃቸው የሚያውቀውን ካርድ አይችለውም፤ እዚያ ጋ ቪዲዮ ያስፈልጋል።

በቴሌግራም የሚዞሩትን የመጽሐፍ ፒዲኤፎች ኮምፒውተራችን ላይ ብንጭናቸውስ?

ደራሲው በሕይወት ካለ ወይም ከሞተ 50 ዓመት ካልሞላው፣ አይሆንም። የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 እንዲያ ይላል። ልጆቹ መጽሐፍ ሲያጡ ልቤ ይደማል፤ ግን የሚጽፍ ሰው ካልበላ የሚነበብም አይኖርም። በነፃ የተለቀቁ የልጆች ተረቶች በአማርኛም አሉ። አፍሪካን ስቶሪቡክ የሚባለውን እዩት፤ ለማውረድም ለማተምም ይፈቅዳል።

ልጄ ቤተ መጻሕፍት ብሎ ሄዶ ጌም ሲጫወት ነው የሚውለው። ይሄ ትምህርት ነው?

ይህን አንዲት እናት በር ላይ ቆመው ጠየቁኝ። ተቆጥተውም ነበር። «እማማ፣ ይግቡና አብረን እንየው» አልኳቸው።

ቺካጎ ውስጥ ሃሮልድ ዋሽንግተን የሚባል ትልቅ ቤተ መጻሕፍት አለ። እ.ኤ.አ. በ2009 ለወጣቶች ብቻ አንድ ሰፊ ቦታ ከፈተ፤ ካሜራ፣ የድምፅ መቅጃ፣ ኮምፒውተር ያለበት። መነሻ ያደረገው የተመራማሪዋን የሚዙኮ ኢቶን ጥናት ነው። ልጆች መጀመሪያ ከጓደኛ ጋር ለመዋል ይመጣሉ። ከዚያ ይነካካሉ፣ ይሞካክራሉ። ከዚያ ጥቂቶቹ አንድ ነገር ይዘው ይጠልቁበታል። የመጀመሪያውን በር ከዘጋችሁት ወደ ሦስተኛው የሚደርስ የለም።

እኛ ጋ ስልክ ይዞ ዝም ብሎ የሚቀመጠውን ልጅ አላባርረውም። ሥራ እሰጠዋለሁ። «ይቺን ሙዳይ በአምስት ፎቶ አሳየኝ፤ አምስቱም የተለያየ ይሁን» እለዋለሁ። አራተኛው ላይ ሲደርስ ይጨንቀዋል። ክዳኑን ይከፍታል፣ ውስጡን ያሸታል፣ ስፌቱን መቁጠር ይጀምራል። ዕቃውን ያየው ያን ጊዜ ነው። የእናትየው ልጅ የሙዳይዋን ታች ፎቶ አንስቶ አመጣ። ስፌቱ የተጀመረበት ቋጠሮ ነበር። እናትየው አዩና «ይሄ እኮ የሞጣ እጅ ነው» አሉ። ልጁ ስልኩን አስቀምጦ «በምን አወቅሽ?» አላቸው። እኔ ከዚያ በኋላ አላስፈለግሁም።

በምን እንጀምር? ስንት ብር ይፈጃል?

በአንድ ዕቃ፣ በአንድ ሽማግሌ ወይም ባልቴት፣ በአንድ ስልክ። ብሩን ለቡናና ለሚሞሪ ካርድ አስቡት።

ከመቅዳታችሁ በፊት ፈቃድ ጠይቁ፤ ድምፃቸው ማን ጋ እንደሚደርስም ንገሯቸው። ስልኩን አውሮፕላን ሞድ ላይ አድርጉት፣ አለዚያ መሐል ላይ ይጮኻል። ክረምት ከሆነ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር አትቅዱ። የሐምሌ ዝናብ ሲመጣ የሚሰማው ቆርቆሮው ብቻ ነው። ጎጆ ቤት ይሻላል። ጥያቄያችሁ አጭር ይሁን። «ስለ ባህላችን ይንገሩን» ካላችሁ ንግግር ያደርጉላችኋል። «ይሄ ሲሰበር በምን ትጠግኑት ነበር?» ካላችሁ ግን ሕይወታቸውን ይነግሯችኋል።

ፋይሉን በዚያው ቀን ሰይሙት፦ ማን፣ ስለ ምን፣ የት፣ መቼ። ከዚያ ሁለት ቅጂ፣ ሁለት ቦታ። ይህን የምለው ተቃጥዬ ነው። አንድ ጊዜ ከአንድ አባት አርበኛ ጋር አንድ ሰዓት ሙሉ ቀዳሁ። ነገ እገለብጠዋለሁ ብዬ አሳደርኩት። በማግስቱ ስልኩ ውሃ ውስጥ ገባ። ተመልሼ ልቀዳቸው ስዘጋጅ ዐረፉ። ቤተሰባቸው ለተዝካር ድምፃቸውን ጠየቁኝ። አልነበረኝም።

መማራቸውን በምን እናውቃለን?

የጎብኚ ቁጥር ለሪፖርት ይጠቅማል፤ ስለ መማር ግን ብዙ አይናገርም። እኛ ጠረጴዛው ላይ አንድ ደብተር አስቀምጠናል፣ እስክሪብቶው በክር ታስሯል። ልጆች ጥያቄ ይጽፉበታል። ስም አይጻፍም። መጀመሪያ ሰሞን «ስንት ብር ያወጣል?» የሚል ይበዛ ነበር። ድምፁን ካስገባን በኋላ ጥያቄዎቹ ረዘሙ።

ባለፈው ወር አንዲት የሰባተኛ ክፍል ልጅ የአኩፋዳውን ድምፅ ሦስት ጊዜ ሰማች። ከዚያ «ሴት የቅኔ መምህር ነበረች?» ብላ ጻፈች። ከሥሩ መልሱን ጻፍንላት። አዎ፣ እዚሁ ጎጃም፣ እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ። ዐይነ ስውር ነበሩ፤ ቅኔ አስተምረው ብዙ ደቀ መዛሙርት አፍርተዋል። በነጋታው መጣችና መልሱን አነበበች። ሁለተኛ ጥያቄ ጨመረችበት፦ «ድምፃቸውስ?»

የእማሆይን ደቀ መዛሙርት የሚያውቁ አንድ መሪጌታ እንዳሉ ሰምተናል። ቅዳሜ ከልጅቷና ከአባቷ ጋር እንሄዳለን። ስልኩ ቻርጅ ላይ ነው፣ ሁለት ሚሞሪ ካርድ ይዣለሁ።